ዱዋ የምትባል መንደር

«እንዲህ የሚባል መንደር የለም ተብሏል፤ ስንቴ ልንገርዎት?»

የዘበኛው የጆቴ ድምፅ ነው። ዘርፈሽ የኮምፒዩተሩን የአቧራ ጨርቅ ገና ገልጣ ሳትጨርስ በመስኮቱ ገባ። ጆቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አዲስ አበባ የለም ካለው እሱ ከየት ያምጣው? ግን እስቲ ይታያችሁ፤ አንድ ሽማግሌ ከአንገር ቆላ ተነሥተው፣ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በእህል መኪና ላይ ተንጠልጥለው ነቀምቴ ድረስ ይመጡና ስንዴያችን ለምን ቀረ ብለው ሲጠይቁ መንደራችሁ የለም ይባላሉ። የተቆጡ አይመስሉም። በዚያ ረጋ ባለ የወሎ አነጋገር፣ ታዲያ እኔ ከየት መጣሁ፣ ሰዉንስ የት ትቼው መጣሁ አሉት። ጆቴ ኬላ ላይ እንደሚቆም ወታደር ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። ሽማግሌውም ቁጢጥ አሉ፤ የመጡበትን ሳያገኙ የሚነሡ አይነት አልነበሩም።

ቢሮው በወለጋ የሰፈራ መንደሮች ስንዴና ዘር የሚያከፋፍል ፕሮጀክት ነው፤ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው የነቀምቴ ሰፈር ከአንድ ነጋዴ በትርፍ ቤትነት የተወረሰ ግቢ። ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው የነጋዴው ልጆች ይተኙበት በነበረው ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጆቹ ቁመት በእርሳስ የተለካበት ምልክት ዛሬም አልጠፋም። ዘርፈሽ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ውስጥ ብቻዋን ትውላለች። ድሮ ሁለት ነበሩ። ሥራውን ያስለመዳት ፈድሉ የሚባል የነቀምቴ ጉራጌ ነበር፤ አባቱ ገበያ ዳር ሱቅ አላቸው። ቀልደኛ ነው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀለ ቀኑን ያሳጥረው ነበር። አምና ክረምት ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ወሬውም በዚያው ቀረ። ወንበሩን ግን ማንም አልወሰደውም። ዘርፈሽ ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች፤ ባዶውን እንዳታየው ነው።

ሽማግሌውን ከነጭርሱ ባልሰማቻቸው ነበር፤ ማልዶ በር ላይ የሚከራከር ሰው የቢሮው ወግ ነው። ግን ጆቴ የመንደሩን ስም ደግመው እንዲነግሩት ጠየቀ። «ዱዋ» አሉ ሽማግሌው፤ ጆቴም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ዘርፈሽ እጇ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ቀጥለው፣ እነሱ አገር ዱዋ ማለት እጅን ዘርግቶ አላህን መለመን ነው፤ ስሙ የሚያስቅ አይደለም፤ ባይሆን የሚያስለቅስ ነው እያሉ ያስረዱት ነበር። ዘርፈሽ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማችም። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት የመንደሮቹ ማህደር ሁሉ በዲስኬት ተገልብጦ ይላክ ብሎ አዘዘ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ አንድ ማህደር አለ፤ በማህደሩ ውስጥ ደግሞ አባወራው፣ ልጁ፣ በሬው፣ የሚደርሰው ስንዴ። ፈድሉ ያስተማራት አንድ ብልሃት ነበር፤ ትዕዛዝ አንድ በአንድ እየጻፉ ከመድከም፣ ትዕዛዞቹን ከላይ እስከ ታች ደርድሮ በአንድ ስም ማስቀመጥ፤ ከዚያ ስሙን ብቻ ሲጠሩት ማሽኑ ራሱ በተራ ይፈጽማል። «ይህን ማህደር ከነሆዱ ወደ ዲስኬቱ ገልብጥ» የሚል መስመር፣ ለየመንደሩ አንድ። ዘርፈሽ ያን ቀን መስመሮቹን ስትደረድር፣ ዲስኬቱ እንዳያንሳት እየሰጋች፣ ፈድሉ የከፈተው ዱዋ የሚል ማህደር ላይ ደረሰች። ማሽኑ ግእዝ ፊደል አያውቅም፤ ሁሉ ነገር የሚጻፈው በላቲን ነው። በሀገሩ ፊደል ዱዓ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ገብቷት ነበር፤ እስላም ጎረቤት ሳታውቅ አላደገችም። እሷ ግን የኑኑ ቁምባ አገር ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ በኦሮምኛ ደግሞ ዱዋ ማለት ባዶ ነው። ይሄ ፈድሉ፣ ለባዶው ማህደር ባዶ ብሎ ስም አወጣለት ብላ ለብቻዋ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር ከሳቀች። ከፍታ ሳታየው አለፈችው።

አሁን ከፈተችው። አረንጓዴዎቹ ፊደላት በማሽኑ ጥቁር መስኮት ላይ ከታች ወደ ላይ መሮጥ ጀመሩ፤ አላባሩም። አበጋዝ፣ ማዘንጊያ፣ የእከሌ ሚስት፣ የእከሌ እናት፣ የሙት ልጆች ከነአሳዳጊያቸው። ሞልቶ የተረፈ መንደር ነው። ከኅዳር ወዲህ የአዲስ አበባው ዝርዝር ላይ ስላልነበሩ አንድ ኩንታል እንኳ አልደረሳቸውም፤ የበቆሎ ዘር ድልድሉም በዚያው ዝርዝር ሊታደል ነው። ዘር ካለፋቸው የሚመጣው ዓመትም አለፋቸው ማለት ነው። ዘርፈሽ ያን ሁሉ ስም ሲያልፍ እያየች እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በገዛ እጄ አለች በልቧ፣ በገዛ እጄ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ጓድ ገብረወልድ ቢሮ የሄደችው ሳትዘገይ ነው፤ ብትዘገይ ወኔዋ እንደሚከዳት ታውቃለች። ጓድ ገብረወልድ የሸዋ ሰው ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ጨጓራውን የሚያመው፣ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የወተት ብርጭቆ የማይጠፋ። እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥያቄ ጠየቃት፤ ለሌላ ሰው ተናግራለች ወይ? አልተናገረችም። ተመስገን አለ። ነገ የፓርቲው ተቆጣጣሪ እንደሚመጣና ይኼን ማሽን ራሱ ቁጭ ብሎ እንደሚያየው ነገራት። እዚህ ያለ መንደር አዲስ አበባ ከሌለ፣ ያ ስንዴ የት ገባ ይባላል፤ ማን ቆረጠው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስህተት የሚል ቃል የለም፣ ያለው አሻጥር የሚል ቃል ነው። እሷ ብቻ ሳትሆን እሱም፣ ምናልባትም ሁሉም። ዘርፈሽ፣ ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠዋል እኮ አለችው። ጓድ ገብረወልድ ወተቱን አነሣና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

«ዋናውና ግልባጩ ይስማማ» አለ። «ግልባጩን ከአዲስ አበባ መልሰን ማምጣት አንችልም። ዋናው ግን በእጅሽ ነው። ከሥራ መውጫ በፊት አጥፊው።»

ለምሳ ቤቷ ሄደች። ቤቷ ስል የወንድሟ የነገራ ግቢ ማለቴ ነው፤ እሷ ያለችው ከኋላ ካለችው ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ከሲሬ ገበያ በስምንት ብር የተገዛች ሣጥን። ምሳ ግን ከትልቁ ቤት ከእነሱ ጋር ነው የምትበላው። ብትቀር ሰው ምን ይላል በሚል ትበላለች እንጂ ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እናታቸው እዚያው ኑኑ ቁምባ አገር የሞቱ ጊዜ ዘርፈሽ አዲስ አበባ የማሽኑን ሥልጠና ላይ ነበረች። ነገራም ትምህርቷ ይቋረጣል ብሎ መርዶውን አቆየው፤ እንጀራዋን አሰበላት። ስትመለስ ሐዘኑ አልቆ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የሚያለቅስ ሰው እንኳ አልቆያትም። ብቻዋን አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ አለ፤ ጨው አቀብይኝ አለ፤ ሌላ የለም። ሚስቱ ጥሩ ሰው ናት፤ ዝምታውን ለመሸፈን ስለ ቀበሌ ሱቅ ታወራለች። ዛሬም ስኳሩ በኩፖን ለቤት አንድ ኪሎ እንደሆነ፣ ውጭ ግን ነጋዴው በስድስት ብር እንደሚሸጠው፣ ሳሙና ከነጭርሱ እንደጠፋ አወራች። ልጆቹ በሉና ወጡ።

ዘርፈሽ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ አልወረደላትም። ነገራ አስተማሪ ነው፣ በዚያ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓደኛ፤ የዘመኑን ጠባይ ያውቃል። ቀና ብላ አየችውና በኦሮምኛ ነገረችው፤ ሁሉንም፣ ከዱዋው እስከ አጥፊው። ሚስቱ ሳህን እያነሳች ቆመች። ነገራ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ፤ ሬዲዮኑ ስለ ምርት ዘመቻ ይናገራል።  ቀጥሎ የተናገረው በአማርኛ ነው፤ ከእህቱ ጋር አማርኛ ሲናገር አይታወቅም ነበር፤ ድምፁ ሬዲዮኑን ይመስል ዘንድ ይሆን፣ እንጃ።

«አፍሽን ያዢ። ዝም አይነቅዝም። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ሌላ ነገር አልጨመረም። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ረጅም ንግግሩ ይህ ነበር፤ እሷም ውሃዋን ጠጥታ፣ ገለቶሚ ብላ ሚስቱን አመስግና ወጣች። ይብላኝላት፤ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ሄደች፤ የየካቲት ቀይ አቧራ ፊቷ ላይ ጭቃ ሆነ። ሰው ሲያያት ዓይኔን አቧራ ገባው ትላለች። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብላ አስባ እንደነበር ያኔ ነው ለራሷ የገባት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህንኑ ይቅርታ ነበር የምትጠብቀው፤ የእናቷን ሞት ደብቆባት ሲያበቃ አሁንም ዝም በይ ይላታል። ያኔ ያዳናት በዝምታ ነው፤ አሁንም ሊያድናት የሚፈልገው በዝምታ ነው። ሰውየው ሌላ መድኃኒት አያውቅም።

ስትመለስ ሽማግሌው እዚያው ናቸው። ጆቴ ከራሱ ምሳ ግማሽ ዳቦ ሰጥቷቸው የግማሹን ግማሽ ለማታ በፎጣቸው ጫፍ ቋጥረዋል። በአጠገባቸው ስታልፍ ሰላም አሏት፤ እንደምን ዋልሽ ልጄ አሏት፤ ማን እንደሆነች ግን አያውቁም። ዛሬ ሙሉ ቀን አጠገቧ የደረሰ ሰው ሁሉ ደህንነቷን ሳይጠይቅ ነው ያለፈው። ደህና ነኝ አለች፤ ገብታም ማሽኑ ፊት ተቀመጠች።

አጥፋ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፈች። እጇ ራሱ ያውቀዋል። ይህ ማሽን አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ የአንድ ማህደር ሆድ ጨርሶ ይጥፋ ሲባል ዝም ብሎ አይፈጽምም። በእርግጥ ይሁን ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ወይም አይደለም እስኪሉት ድረስ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል። ዘርፈሽ ጥያቄውን እያየች ቆየች። ይህን ጓድ ገብረወልድም አልጠየቃት፣ ነገራም አልጠየቃት፤ ሁለቱም የምታደርገውን ነው የነገሯት። ቢጠፋ ማን ያውቃል? ማንም። ሽማግሌው ወደ አንገር ይመለሳሉ፤ የለም አሉን ይላሉ፤ ሰዉም ነገሩን ለአላህ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ እውነትም መንደሩ ይጠፋል፤ ከማሽን ሳይሆን ከምድር። እሷም ነገ መጥታ ቦርሳዋን በፈድሉ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ያ ወንበር ታያትና ፈራች፤ ከአሻጥሩ ይበልጥ እሱን ፈራች።

አይደለም የሚለውን ተጫነች።

ከዚያ ወዲያ ፈጠነች፤ ምክንያቱም የፖስታው መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን የኅዳሩን የትዕዛዝ ሰልፍ ጠራችው፤ ከመስመሮቹ መሃል ገብታ አንዲት መስመር ጨመረችበት፤ ዱዋን ከነሆዷ። ዲስኬቱን ሰክታ ስሙን ጠራችና ማሽኑ እየጎረነነ መገልበጥ ጀመረ። መንደሮቹ አንድ በአንድ እያለፉ፣ ዱዋም በተራዋ መጥታ አለፈች፤ ከሌሎቹ የሚለያት ነገር አልነበረም። በመጨረሻ የጽሕፈት መኪናውን ስባ፣ ስህተቱን የሠራችው እሷ ብቻ መሆኗን፣ ስሙን በሌላ ቋንቋ አንብባው እንደዘለለችው፣ ሌላ ሰው እንደማያውቅ ሁለት መስመር ጽፋ ፈረመችበት። «አለቃዬም አያውቅም» የሚለው ውሸት ነው። ግድ የላትም።

ጓድ ገብረወልድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ ፊቱ ገረጣ፤ ሁለተኛ ሲያነበው ግን እሱ ነጻ የሚወጣባትን መስመር አገኛትና መተንፈስ ጀመረ። ሰው ነውና ቶሎ አልፈረመም፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። ከማሽኑ ቀጥሎ ይህን የጠየቃት እሱ ነው፤ ዘግይቶ ቢሆንም ጠየቀ። ነኝ አለች። ማኅተሙን መታበት። ከዚያ ዓይኗን ሳያይ እጁን ዘረጋና የማሽኑን ክፍል ቁልፍ ስጪኝ አላት፤ ተቆጣጣሪው ነገ ቃልሽን ይቀበላል፣ እስከዚያ ቤትሽ ቆዪ፣ ከከተማ እንዳትወጪ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ዲስኬቱና ወረቀቱ ያለበትን ፖስታ ራሷ ወስዳ ለሾፌሩ ለሞረዳ ሰጠች፤ ሞረዳም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከመሪው በላይ ካለው ኪስ ከተተው። መኪናው በሲሬ መንገድ ሲወርድ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች።

ሽማግሌውን ከበሩ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ወሰደቻቸው። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ብስኩት አሥራ አምስት። አበጋዝ እባላለሁ አሏት። ስንዴው ከመጋቢት ጀምሮ እንደሚመጣ፣ ዘሩም እንደሚደርሳቸው፣ ለመንደሩ ሰው ይህንኑ እንዲነግሩ ነገረቻቸው፤ ስለ ቁልፉ አላነሣችም። አልቀበል ብለው ብዙ ጠየቋት፤ ሲያምኗት ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፍነው ቆዩ። ከዚያ ብስኩቱን በሻይ እያራሱ ወጋቸውን ጀመሩ። ከወሎ የጫናቸው መኪና አንገር ላይ ያራገፋቸው ዕለት፣ ሰዉ የት እንደመጣ አያውቅም። እሳቸው አንድ ያገሬውን ሰው አገኙና ይህ አገር ምን ይባላል አሉት። ሰውየው አማርኛ አይሰማም፤ እጁን ወደ ሜዳው ዘርግቶ፣ ለፋ ዱዋ አላቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ስሙ እንኳ ዱዋ የሆነ አገር አመጣን ብለው ሮጠው ለሰዉ ነገሩ። ያን ቀን ነው ሰዉ ከልቅሶው ቀና ያለው አሏት። ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው ማለት ነው።

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ከዚያ ሁሉ መንደር የእኛ ተነጥላ እንዴት ቀረች፣ ልጄ?»

ዘርፈሽ ለጓድ ገብረወልድ ስትናገር እንዲህ አልከበዳትም ነበር። ስህተት ነው ብላ ማለፍ ትችላለች፤ እሳቸውም ይቀበሏታል። ግን ለሰው ተደብቆ ሲያበቃ ኋላ የሚደርሰው መርዶ እንዴት እንደሚያቃጥል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«በእኛ ቋንቋ ለፋ መሬት፣ ዱዋ ባዶ ማለት ነው፣ አባባ» አለች። «ባዶ መስሎኝ አለፍኩት። አልከፈትኩትም።»

 የአያ አበጋዝ እጅ ሳይታወቃቸው ተዘርግቶ፣ ያ ሰው ያን ቀን ሜዳውን እንዳሳያቸው ሆኖ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጉልበታቸው ወረደ። ለዚህ ነው ገበያ ላይ ስሙን ስንናገር የሚስቁት አሉ፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ዘርፈሽ ጨነቃት። «ብቻ ማለትም ነው» አለች ልታጽናናቸው፤ ውሸቷን አልነበረም፣ ቃሉ ሁለቱንም ይላል። «ባዶ ብቻ አይደለም። ብቻ ማለትም ይሆናል።»

«እሱማ ያው ነው፣ ልጄ» አሉ።

ጆቴ ከበሩ ሆኖ ወደ አንገር የሚወርድ የእህል መኪና መምጣቱን በእጁ አሳያቸው። አያ አበጋዝ ፎጣቸውን አስተካከሉ፤ ዱላቸውን ያዙ፤ ግን አልተነሡም። ለሰዉ አልነግርም አሉ፤ ስንዴውን እነግራለሁ፣ ይህን አልነግርም። እዚያ ስንት ሰው ቀብረናል፤ ሁሉም የሄደው ዱዋ ላይ ተቀበርኩ ብሎ ነው። እንዲሁ ይኑሩ። ወደ እሷ ዞር አሉ።

«አንቺም ለሰው አታውሪው።»

«የማወራለት ሰው የለኝም» አለች ዘርፈሽ።

ሽማግሌው አዩዋት፤ የዛሬውን ቀኗን ሁሉ ያዩት ይመስል ደህና አድርገው አዩዋት። መኪናው ጡሩንባውን ነፋ።

«አብሽሪ» አሉ፤ «ለኔ ነገርሽኝ አይደል።»

ተነሥተው ወደ መኪናው ሄዱ። ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ የተጫነው ማዳበሪያ ላይ አወጣቸው። ዘርፈሽ የሁለቱን ሻይ ከፈለችና፣ የምትሄድበት ቢሮ ስለሌላት፣ እዚያው ተቀመጠች።